ሠራተኛዋን ልካ የከፈተችው ትምህርት ቤት፦ ስለ ናኖ ኔግል ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰው ላከልኝ። ሦስቱም ደሴ ያሉ አስተማሪዎች ናቸው። ጽሑፉ የሚያወራው ስለ ናኖ ኔግል ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አየርላንድ ውስጥ የድሃ ልጆችን ያስተማረች ካቶሊክ መነኩሲት ናት። ጸሐፊው የእሷ ታሪክ ተጋኗል ይላሉ። አምስት ክስ ያቀርባሉ። ሀብታም ስለነበረች ማስተማርን መዝናኛ አደረገችው። ሕግ ጣሰች። ዓላማዋ ሃይማኖት እንጂ ትምህርት አልነበረም። ሴት ልጆቹን መርፌ አስያዘቻቸው እንጂ አላስተማረቻቸውም። ከብዙ ዘመን በኋላ በአየርላንድ የቤተ ክርስቲያን ተቋማት ውስጥ በልጆች ላይ የደረሰው በደልም ሥሩ እሷ ናት። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፦ "ለመሆኑ ይቺ ሴት ለወሎ ሰው ምኑ ናት?"

እኔ ሙስሊም ነኝ። ደሴ ተወልጄ፣ ደሴ ላይ ሳስተምር ያረጀሁ ሴት ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለቤት ሠራተኞች የማታ ትምህርት እንሰጣለን። ስለ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለመሟገት አልተነሳሁም። ስለዚች ሴት ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ደብዳቤዎቿን ካነበብኩ ጀምሮ ቅርቤ ሆናለች። አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር። እኛ ቤት ግን እናታችንን አንቺ ነበር የምንላት፤ በዚያው ልቀጥል። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን ቆጠራ ነው የምጽፈው። የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ከመዝናኛው ልጀምር። ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት የራሷን ቃል ነው። በ1769 በጻፈችው ደብዳቤ ላይ፣ ትምህርት ቤቶቼ መንግሥተ ሰማያት የሚያስገቡኝ አይመስለኝም፣ የማገኝባቸው ደስታ ብቻ ነውና ብላለች። ጸሐፊው ይህን ይዘው "ራሷ አምናለች፣ ደስታዋን ነበር የምትፈልገው" አሉ።

አስተማሪ የነበረ ሰው ይህን ቃል እንዲህ አያነበውም። ትናንት "ለ"ን ከ"ሰ" መለየት ያቃታት ልጅ ዛሬ የሱቅ ታፔላ አንብባ ስትመጣ ውስጥን የሚያሞቅ ነገር አለ። ድካም ያስረሳል። ናኖ የምትለው ያንን ነው። ሥራው ደስ ስላላት "ታዲያ ምን ዋጋ አገኝበታለሁ?" ብላ ሰጋች። መዝናናት የፈለገ ሰው እንዲህ ያለ ስጋት የለበትም።

ሀብታም መሆኗ እውነት ነው። በ1718 ኮርክ አካባቢ ባሊግሪፊን በሚባል ቦታ፣ መሬት ካለው ቤተሰብ ተወለደች። ለትምህርት ፈረንሳይ ተላከች። ለምን ፈረንሳይ? አገሯን የሚገዙት ፕሮቴስታንቶች ስለነበሩ፣ ካቶሊክ የሆነ ሰው እዚያ ትምህርት ቤት መክፈት ስለማይችል ነዋ። ልጅን ውጭ ልኮ ማስተማርም ክልክል ነበር። ያለው በድብቅ ይልካል። የሌለው ልጁን ይዞ ይቀመጣል። አባቷ ከሞተ በኋላ ተመልሳ ደብሊን ከእናቷና ከእህቷ ጋር ኖረች። አንድ ቀን ገዝታ ያስቀመጠችውን ሐር ልብስ ልታሰፋበት ፈለገች። እህቷን ብትጠይቃት፣ ለካ እህቷ ሸጣ ለድሆች ሰጥታዋለች። ልቧን መጀመሪያ የነካው ያ ሐር ነው ይባላል።

ኋላ ኮርክ መጥታ ወንድሟ ቤት ገባች። የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት እንዴት እንደከፈተች በዚያው በ1769ኙ ደብዳቤ ተርካዋለች። ይህን ቦታ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልቆጠርኩም።

ሐሳቧን ከንስሐ አባቷ በቀር ለማንም አልነገረችም። ራሷ ከታየች ነገሩ ይነቃል። ስለዚህ የቤት ሠራተኛዋን ላከች። ሠራተኛዋ ሄዳ ጥሩ አስተማሪ ፈለገች። 30 ድሃ ሴት ልጆችም ተቀበለች። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የቆመው በሠራተኛዋ እግርና በሠራተኛዋ አፍ ነው። ደብዳቤው ላይ ስሟ የለም፤ "ሠራተኛዬ" ብቻ ነው የሚላት። ይህን ለተማሪዎቼ ሳነብላቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዷ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ እሷስ ማንበብ ትችል ነበር?" አለችኝ።

ትምህርት ቤቱ ሥራ ከጀመረ በኋላ ናኖ ጠዋት ጠዋት ሹልክ እያለች ትሄዳለች። ወንድሟ ቤተ ክርስቲያን የሄደች ይመስለዋል። አንድ ቀን አንድ ድሃ ሰው ወንድሟ ዘንድ መጥቶ ተለማመጠው፤ ልጄን እህትዎ ትምህርት ቤት እንድታስገባልኝ ይንገሩልኝ ብሎ። ወንድሟ ሰውየው አእምሮው የተነካ መሰለው። እየሳቀ ገብቶ ለሚስቱና ለናኖ አወራላቸው። ናኖ ያኔ አመነች። አዎ፣ ከፍቻለሁ አለች። ወንድሟ በቁጣ ነደደ። ሊመጣ የሚችለውን መዘዝ ሁሉ ደረደረባት። መዘዙ ለእሷ ብቻ አልነበረም፣ ለቤተሰቡም ጭምር እንጂ። ውሎ አድሮ ግን ልቡ ተመለሰ። በዘጠኝ ወር ውስጥ ልጆቹ 200 ገደማ ደረሱ።

ቤተሰብን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገር ለመዝናናት ተብሎ አይደረግም። ገንዘቡም ቢሆን አልተረፋትም። በ1757 የሞተው አጎቷ ትልቅ ሀብት አውርሷት ነበር። ለትምህርት ቤቶቹና ለገዳም ግንባታ አወጣችው። ሲያልቅ ጎዳና ወጥታ ለመነች። አንድ ባለሱቅ ተራ ለማኝ መስላው ደጅ እንዳስጠናት እስከ ዛሬ ይተረካል።

ወደ ሁለተኛው ክስ ልለፍ። ሕግ ጥሳለች? አዎ። የ1695ቱ ሕግ ልጆች ሲያስተምር የተገኘ ካቶሊክ 20 ፓውንድ እንዲቀጣና ሦስት ወር እንዲታሰር ያዛል። ይህ የላላው በ1782 ነው፤ ያውም በፕሮቴስታንቱ ጳጳስ ፈቃድ። እሷ የሞተችው በ1784 ነው። የማስተማር ዘመኗ ከሞላ ጎደል በሕገ ወጥነት አለቀ።

ጸሐፊው "ለወጣቶቻችን መጥፎ ምሳሌ ናት" ይላሉ። ከአጻጻፋቸው የወሎ ሰው ይመስሉኛል። እንግዲያው ቦሩ ሜዳን አያጧትም። ከደሴ ወጣ እንዳሉ ናት። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤውን እዚያ ጠሩ። የክርስቲያኖቹ ክርክር ሲቋጭ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሳ ታዘዘ። ኋላ ንጉሥ የሆኑት ሚካኤል ራሳቸው ከዚያ በፊት መሐመድ ዓሊ ነበሩ። አያቴ ከአባቱ የሰማውን ሲያወራን፣ ማታ በሩ ይዘጋል፣ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ልጆቹ ቁርኣን ይቀራሉ ይል ነበር። ከውጭ ውሻ ሲጮህ ሁሉም ዝም ይላል። ውሻው ሲተው ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

እኔ የዚያ ቤት ልጅ ነኝ። ቅድመ አያቴን ሕግ ጣሽ ብዬ አልወቅሰውም። በር ዘግታ ያስተማረችውን የኮርክ ሴትም አልወቅሳትም።

ሦስተኛው ክስ ሃይማኖት ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሹን ትክክል ናቸው። ናኖ ያስተማረችው በእምነቷ ምክንያት ነው። ትምህርተ ክርስቶስን ራሷ በየቀኑ ታስረዳለች። ነፍስ ለማዳን የምጠቅም ከሆነ በየትኛውም የምድር ዳርቻ የምችለውን ሁሉ በደስታ አደርጋለሁ ብላ ጽፋለች። ይህን ማንም አይደብቀውም።

ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስተው "ፊደልን ማጥመጃ አድርጋ ድሆችን ሃይማኖት አስቀየረች" ሲሉ ነገሩን ገለበጡት። የኮርክ ድሃ ቀድሞውኑ ካቶሊክ ነበር። ሃይማኖት ለማስቀየር የተቋቋሙት ሌሎች ናቸው። ከ1733 ጀምሮ በንጉሥ የፈቃድ ሰነድ (ቻርተር) የተከፈቱ የፕሮቴስታንት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። የድሃ ካቶሊክ ልጅ ይገባል፣ ይመገባል፣ ፊደል ይቆጥራል፣ የወላጆቹን እምነት ግን ትቶ ይወጣል። ለድሃው የቀረበለት ምርጫ ይህ ነበር፤ ወይ ፊደል ወይ እምነት። ናኖ ሁለቱንም ያዙ አለች። ይህን ከማጥመድ ጋር አንድ ማድረግ ልክ አይደለም።

ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ነገር አለ። እኔ ላንሳው። በደብዳቤዋ ከልጆቿ አንዳንዶቹ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች እንደሚሄዱና እዚያ ያሉ ጥቁር ልጆችን ለማስተማር ቃል እንደገቡላት ትናገራለች። እነዚያ ደሴቶች ያኔ በባሪያ ጉልበት የሚታረሱ ነበሩ። በዚያ ቦታ ባርነትን ስታወግዝ አላነበብኩም። አፍሪካዊት ነኝና ያን አንቀጽ ሳነብ ያመኛል። ልጆቹ ይማሩ ማለቷ ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። ሰው ወደድኩ ብዬ ይህን አልሸፋፍንም።

አሁን ወደ መርፌው። በዚህ ክስ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም የእኔም ሥራ ነው።

በ1769 ናኖ ሰባት ትምህርት ቤቶች ነበሯት። ሁለቱ የወንዶች፣ አምስቱ የሴቶች። ወንዶቹ ማንበብ ይማራሉ፣ ትምህርተ ክርስቶሱን በቃላቸው ሲይዙ ወደ ጽሕፈትና ሂሳብ ያልፋሉ። ከሴቶቹ ትምህርት ቤቶች በሦስቱ ግን ልጆቹ ማንበብ ከተማሩ በኋላ የሚያልፉት ወደ እጅ ሥራ ነው። ራሷ የጻፈችው ይህንን ነው። ስለዚህ "አላስተማረቻቸውም" የሚለው ሐሰት ነው። በሕግ ማንበብ በተነፈገ ሕዝብ መካከል የድሃ ሴት ልጅ አነበበች። የእጅ ሥራውም ለጌጥ አልነበረም፤ እንጀራ ነበር።

ወንዱ በሚጽፍበት ሰዓት ሴቷ መስፋቷ ግን ጉድለት ነው። ይህን ለጸሐፊው እሰጣቸዋለሁ። የምሰጣቸው ለመምሰል ሳይሆን ጉድለቱ ምን እንደሚያስከፍል በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ከተንታ የመጣች አንዲት ተማሪ አለችን። ዕድሜዋን አሥራ ሰባት ትለዋለች። ሸዋ በር አካባቢ ሰው ቤት ትሠራለች። የመጣች ቀን እርሳሱን እንደ ማማሰያ በሙሉ እጇ ጨብጣ ያዘችው። እጇ የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል። ስታፍር አየኋት፣ እጇን ጠረጴዛው ሥር ከተተችው። ደሞዟን ስትቀበል አሠሪዋ ደብተር ላይ በጣቷ ታስፈርማታለች። በአራተኛው ወር ስሟንና ቁጥሮቹን መለየት ቻለች። አንድ ማታ ደብተሩን ስታይ፣ ያልተቀበለችው የሁለት ወር ደሞዝ እንደተከፈለ ተጽፏል። ጣቷም ከሥሩ አለ። በማግስቱ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ያለችው "ቲቸር፣ መፈረሙን ዛሬ አስተምሩኝ" ነው። በዚያ ማታ የፊደሉን ተራ ትተን ፊርማ ስንለማመድ አመሸን። ገጹ ሞላ፣ ሌላ ገጽ ገለጥን። አሠሪዋን በሽማግሌ አነጋገርናት። ግማሹ ተከፈለ፣ ግማሹ ቀረ።

ስለዚህ መጻፍና መደመር ለድሃ ሴት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ናኖ ዛሬ ብትኖር በዚህ ነገር እሟገታት ነበር።

ጸሐፊው ግን ከዚያው ደብዳቤ ትልቁን ነገር ዘለውታል። ናኖ፣ ልጆቼን ሁሉ ማስተማር እንዲወዱ አድርጌ ነው የማሳድጋቸው፣ በዚህ በኩል ከሀብታም ይልቅ ድሃ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል ብዬ አስባለሁና ትላለች። ይህች ሀብታም ሴት በገንዘቧ ሠላሳ ልጅ አስተምራ ማረፍ ትችል ነበር። እሷ ያየችው ግን ሌላ ነው። ድሃው ልጅ ራሱ አስተማሪ ነው። የተማረውን ይዞ ወደ ጎጆው ይገባል፣ ታናሹን ያስተምራል፣ ጎረቤቱን ያስተምራል። "ለድሃ ማዘን" እና "ድሃን አስተማሪ ማድረግ" በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው። በጸሐፊው ገጾች ውስጥ ያጣሁት ይህን ልዩነት ነው።

ኮርክ ውስጥ ናኖን ፋኖስ አስይዘው ነው የሚስሏት። ማታ ማታ በጠባቦቹ ሰፈሮች እየዞረች በሽተኛ ትጠይቅ ነበር። አንድ ማታ እኛም ዘንድ እንደ ልማዱ መብራት ጠፋ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖታል። ስልኮቻችንን አበራን። የተንታዋ ልጅ የስልኳን መብራት በጥርሷ ነክሳ፣ አጠገቧ የተቀመጠችውን አዲስ ልጅ እጅ በእጇ ይዛ "ሀ" ስታስጽፋት አየሁ። ጣት በጣት ላይ። ገና "መ" ጋ ያልደረሰች ናት አዲሷ፤ እሷም ብትሆን ያኔ ከ"መ" ብዙ አልራቀችም ነበር። ማንም አስተምሪ አላላትም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላርም። ጸሐፊው ናኖ ከልጅነቷ ጀምሮ መነኩሲት የነበረች አስመስለው ጽፈዋል። ሰባቱን ትምህርት ቤቶች ስትከፍት ገና አልመነኮሰችም። በ1771 ኡርሱሊን የሚባሉ መነኮሳትን ከፈረንሳይ አስመጣች። የእነሱ ደንብ ግን ከቅጥር ወጥተው ሰፈር ለሰፈር እንዲዞሩ አይፈቅድም። እሷ ደግሞ የምትፈልገው ወደ ድሃው ደጅ የሚሄድ እግር ነው። ስለዚህ በ1775 የገና ዋዜማ ከሦስት ሴቶች ጋር የራሷን ማኅበር መሠረተች። ያኔ 57 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲሱን ቤታቸውን በገና ዕለት ሲከፍቱ፣ 50 ድሆችን ምሳ ጋብዘው ነው። ማኅበሩ ዛሬ የፕረዘንቴሽን እህቶች ይባላል፣ በብዙ አገሮች ያስተምራል። በ2013 ቫቲካን ለቅድስና በሚወስደው መንገድ "ክብርት" የሚለውን ማዕረግ ሰጥታታለች።

አምስተኛው ክስ ላይ አጭር ነኝ። በአየርላንድ በቤተ ክርስቲያን ይተዳደሩ በነበሩ ተቋማት ልጆች ተበድለዋል። በ2009 የወጣው የአጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት ያንን በሰፊው ዘርዝሮታል። እንደ አስተማሪም እንደ እናትም ያንገበግባል። የተበደሉት ሰዎች እንባ ለማንም መከራከሪያ መሆን የለበትም፤ ለእኔም ለጸሐፊውም። ነገር ግን በ1784 የሞተችን ሴት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለተፈጸመ ግፍ ተጠያቂ ማድረግ ፍርድ አይደለም። ያጠፋው በስሙ ይጠየቅ።

ቀረችን የመጨረሻዋ ጥያቄ። ለወሎ ሰው ምኑ ናት?

እኔ ልጅ ሆኜ ደረሳዎች ደጃችን ይመጡ ነበር። ከቤታቸው ርቀው ኪታብ የሚቀሩ ልጆች ናቸው። እናቴ እንጀራውን አጥፋ ትሰጣቸዋለች። የጎረቤታችን የእማማ ደጅ ደግሞ የቆሎ ተማሪዎች አኮፋዳቸውን ይዘው "በእንተ ስማ ለማርያም" ይላሉ። አንዳንዴ ደረሳው እማማ ዘንድ ይደርሰዋል፣ የቆሎ ተማሪው እኛ ቤት። ማንም አይመልሳቸውም። የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች፣ ዳናም ሆነ ገታ፣ ያን ሁሉ ዓሊም ያፈሩት በዚህ መንገድ ነው፣ የየደብሩም ሊቅ እንደዚያው። ትምህርት በልመና፣ በቁራሽ የቆየበት አገር ነው ያለነው። ባለሱቅ ደጅ ቆማ ለትምህርት ቤቷ የለመነችን ሴት ከወሎ ሰው የበለጠ ማን ያውቃታል?

ደግሞ አየርላንድ ረሃብ ያየ አገር ነው። በ1740 እና 41 ብርዱ አዝመራውን ፈጅቶ ሕዝብ አልቋል። ናኖ ያኔ የ22 ዓመት ወጣት ነበረች። ኮርክ ውስጥ ያስተማረቻቸው ልጆች ያንን ያለፉ ሰዎች ልጆች ናቸው። የ1965 እና 66 ዓ.ም. ወሎ ላይ ምን እንደነበር የሚያውቅ ሰው፣ ከረሃብ በኋላ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚወስድ አባት ምን ተስፋ ይዞ እንደሚሄድ አይጠፋውም። ያ የወንድሟን ደጅ ያንኳኳው ድሃ ሰው ለእኔ የሩቅ አገር ሰው አይደለም። ሰኞ ገበያ ላይ በግ ሲሸጥ ያየሁት ሰው ነው።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡ አንድ ልመና አለኝ። በጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ ሂሳብ አስተማሪ መሆናቸውን ጠቅሰዋል። እኛ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንጀምራለን። አሠሪዎቹ እራት ካሳለፉ በኋላ የሚለቋቸው ስላሉ የመጨረሻዎቹ እስከ 2 ሰዓት ይመጣሉ። መደመርና መቀነስ እኛው አስተምረናል። ማካፈል ላይ ቆመናል፤ ሦስታችንም የቋንቋ አስተማሪዎች ነን። ጽሑፉን የላኩልኝ ሦስቱም ጓደኞቻችን መንገዱን ያውቁታል። ሲመጡ ባትሪ ቢጤ ይያዙ፣ አስፋልቱን ከለቀቁ በኋላ ጨለማ ነው።